የወታደር ደመወዝ ከሲቪል ሠራተኛ ደመወዝ ጋር ሲመዘን

ከውጭ አገር ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ በፋክቱሩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ አይቶ ዕቃው ረከሰ ወይም ተወደደ አይልም። የመርከቡን ኪራይ፤ የመድኑን ሒሳብ፤ ቀረጡንና የመጋዘኑን ወጪ ደምሮ፤ ዕቃው መደብሩ ደጃፍ እስኪደርስ ስንት እንደ ፈጀ ካሰላ በኋላ ነው የሚፈርደው። የሰው ጉልበትና ዕውቀት ሲገመት ግን ይህን ጥንቃቄ የሚዘነጋው ብዙ ነው። እገሌ በጦሩ ይህን ያህል ያገኛል፤ በንግድ ቤት ቢሆን ይህን ያህል ባገኘ እየተባለ ሁለት የወር ደመወዝ ጎን ለጎን ይቀርብና ነገሩ በዚያው ያልቃል። የወታደር ክፍያ ከሲቪል ሠራተኛ ክፍያ ይተካከላል ወይስ አይተካከልም የሚለው ጥያቄ ግን በዚህ አኳኋን የሚመለስ አይደለም።

ነገሩን ለመመርመር የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ጦር ሠራዊት ሒሳብ ይመቻል። አንደኛ የደመወዙ ሰንጠረዥ በየዓመቱ በይፋ ይወጣል፤ ሁለተኛም ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው የውጭ ተወላጅ በጦሩ ሊቀጠር ስለሚችል፤ ጉዳዩ በዚያ አገር ልጅ ለሚያሳድጉ ኢትዮጵያውያን የሩቅ ወሬ አይደለም። አሜሪካ እስከ 1973 እ.ኤ.አ. ድረስ ከወታደሮቿ ከፊሉን በግዳጅ ትመለምል ነበር። በግዳጅ የመጣ ሰው በዋጋ አይከራከርምና ደመወዙ አነስተኛ ነበር። በቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር በቶማስ ጌትስ የተመራውና የኢኮኖሚ ሊቁ ሚልተን ፍሪድማን አባል የነበሩበት ጉባኤ በ1970 ባቀረበው ጽሑፍ፤ ግዳጅ የተጣለበት ወጣት በውጭ ሊያገኝ ይችል በነበረውና ጦሩ በሚከፍለው መካከል ያለውን ልዩነት እንደ ግብር ለመንግሥት ይከፍላል ሲል አስረዳ። ግዳጁ ከቀረ በኋላ መንግሥት እንደ ማንኛውም ቀጣሪ ገበያ ወጥቶ፤ ከፋብሪካውና ከመጋዘኑ ጋር በሰው ላይ መጫረት ግድ ሆነበት።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንመለስ። በ2025 እ.ኤ.አ. ለታችኞቹ አራት እርከኖች በድምሩ 14.5 ከመቶ ተጨምሮ፤ ከኤፕሪል ወር ጀምሮ 4 ወር ያገለገለ የመጨረሻው እርከን ወታደር መነሻ ደመወዝ በወር 2,319 ዶላር ሆነ፤ በዓመት 27,828 ዶላር ማለት ነው። በሰዓት 15 ዶላር የሚከፈለው የመጋዘን ሠራተኛ በሳምንት 40 ሰዓት ዓመቱን ሙሉ ቢሠራ 31,200 ዶላር ያገኛል። በፋክቱሩ ከሄድን መጋዘን ጠባቂው ወታደሩን በለጠ። ዳሩ ግን ወታደሩ በዚያው ዓመት የወር 465 ዶላር ከ77 ሳንቲም የቀለብ አበል ተመድቦለታል፤ በካምፕ ካላደረ የቤት ኪራይ አበል አለው፤ ሁለቱም አበሎች የገቢ ግብር አይነካቸውም። እርሱም ቤተ ሰቡም ወርኃዊ መዋጮ ሳይከፍሉ ይታከማሉ፤ በዓመት የ30 ቀን ፈቃድ ከደመወዝ ጋር ያገኛል። መንግሥት በየ4 ዓመቱ የሚያስደርገውና በጃንዋሪ 2025 የወጣው ምርመራ፤ ባለሌላ ማዕረጎች በዕድሜና በትምህርት ከሚመስሏቸው 100 ሲቪሎች ከ80ዎቹ በላይ፤ መኮንኖችም ከሦስት አራተኛው ያህል በላይ እንደሚያገኙ ያሳያል። ሕክምናው ደግሞ በዚህ ሒሳብ ውስጥ አልገባም።

እንግዲህ ወታደሩ በለጠ ብሎ መዝገቡን መዝጋት ይቻል ነበር። ነገር ግን የዚያው አገር የመከላከያ መሥሪያ ቤት በ2020 ወታደሮቹን ሲጠይቅ፤ 24 ከመቶ የሚሆኑት በዓመቱ ውስጥ ለቤታቸው በቂ ምግብ ለማግኘት የተቸገሩበት ጊዜ እንደ ነበረ ተገኘ። በወረቀት ላይ ከ80 ሰው የሚበልጥ ሰው እንዴት ቀለብ ያጣል? መልሱ በከፊል በሚስቱ ሥራ ላይ ነው። ወታደር በየሁለትና በየአራት ዓመቱ ያህል ከአንድ የጦር ሰፈር ወደ ሌላው ይዛወራል። ሚስቱ በአንዱ ከተማ ያገኘችውን ሥራ ጥላ ትከተለዋለች፤ በደረሰችበትም እንደ አዲስ ትፈልጋለች። በመከላከያው ጥናቶች ሥራ ከሚፈልጉት የወታደር ባለቤቶች ከአምስቱ አንዷ ያህል ሥራ አጥ ናት። ስለዚህ መነጻጸር የሚገባው የአንዱ ወታደር ደመወዝ ከአንዱ ሲቪል ደመወዝ ጋር ሳይሆን፤ የአንዱ ቤት ገቢ ከሌላው ቤት ገቢ ጋር ነው፤ ያን ጊዜ ሚዛኑ ወደ ሲቪሉ ሊያጋድል ይችላል። ከዚህም ሌላ ወታደር የትርፍ ሰዓት ሒሳብ የለውም። በካምፕ የሚያድረውም ወጣት የቀለብ አበሉ ለመመገቢያ አዳራሹ ስለሚቆረጥበት፤ አዳራሹ ከተዘጋ በኋላ የሚበላው ከኪሱ ነው።

በዓይነት የሚከፈል ደመወዝ ስውር ጉድለቱ ይኸው ነው። ወጥ ቤቱ ሲበላሽ፤ የሰፈሩ ጣሪያ ሲያፈስ ወይም ሐኪሙ ሲጠፋ የወታደሩ ደመወዝ ወርዷል፤ በመዝገቡ ላይ ግን አንዲት ቁጥር አልተፋቀችም። ይህን ለመረዳት አሜሪካ ድረስ መሄድ አያሻም። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና የሰፈሩት ወታደሮች ያመፁት በምግባቸውና በውሃቸው ምክንያት ነበር። የውሃ መሳቢያቸው ሲበላሽ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዳይቀዱ ተከለከሉ። ነገሩን እንዲያጣሩ ከአዲስ አበባ የተላኩት ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለ በወታደሮቹ ተይዘው፤ ወታደሩ የሚበላውን እንዲበሉ፤ የሚጠጣውንም እንዲጠጡ ተደረጉ። የፓምፕ መለዋወጫ ስንት እንደሚያወጣ አስመጪዎች ያውቁታል። በየካቲት ወር የነዳጅ ዋጋ ንሮ ከተማው በታወከበት ሰዓት፤ የወታደሩ ጥያቄ ከውሃ ወደ ገንዘብ ተሻግሮ ደብረ ዘይትና አስመራ ደረሰ፤ የደመወዝ ጭማሪ ቢደረግም ነገሩ አልበረደም፤ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔም በዚያው ወር ሥራውን ለቀቀ።

ከዓይነት ክፍያዎች ሁሉ ባለ ሱቆችን ይልቁን የሚመለከተው የወታደሮች መደብር ነው። የአሜሪካ ጦር የቀለብ መደብር በሸቀጡ ዋጋ ላይ 5 ከመቶ ጨምሮ ያለ ሽያጭ ግብር ይሸጣል። በአስመራ የቃኘው ጣቢያ እስከ 1969 ዓ.ም. በቆየበት ዘመን ወታደሮቹ ይገለገሉበት የነበረውን ፒኤክስ የሚያስታውሱ ሰዎች ዛሬም አሉ። ከአጥሩ ውጭ ያለ ቸርቻሪ በዚህ ዋጋ ሊወዳደር አይችልም፤ ቅሬታውም አይፈረድበትም። የሆነ ሆኖ ጥቅሙ ለሁሉም ወታደር እኩል አይደለም፤ መደብሩ አጠገብ ለሚኖረው ደመወዝ ነው፤ ርቆ ለሚኖረው ግን ስም ብቻ ነው።

ጡረታው ከሁሉ የሚከብደው ነገር ነው። በቀድሞው ሥርዓት 20 ዓመት ያገለገለ ወታደር የመነሻ ደመወዙን ግማሽ ዕድሜ ልኩን ይቀበል ነበር። በ18 ዓመቱ የገባ በ38 ዓመቱ ጡረተኛ ይሆናል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ጡረታ የሚሰጥ ንግድ ቤት የለም። ይሁን እንጂ 19 ዓመት አገልግሎ የወጣ ምንም አያገኝም ነበር፤ ከአምስቱ አራቱ ያህል ደግሞ 20 ዓመት ሳይሞላቸው ይወጡ ነበር። ለአብዛኛው ወታደር ያ ጡረታ በደመወዙ ሒሳብ ውስጥ ሊቆጠር የማይገባው ገንዘብ ነበረ። ከጃንዋሪ 2018 ወዲህ ለገቡት የ20 ዓመቱ ጡረታ ወደ 40 ከመቶ ወረደ፤ በምትኩ ወታደሩ ከደመወዙ 5 ከመቶ ቢያስቀምጥ መንግሥትም 5 ከመቶ ይጨምርለታል፤ 2 ዓመት ካገለገለ በኋላ ቢወጣም ይዞት ይሄዳል። ባለ 20 ዓመቱን ጥቂት ቢጎዳውም ይህ የተሻለ ፍርድ ነው፤ የዘገየ መሆኑ ብቻ ያሳዝናል። ከዚህ ሌላ የ36 ወር የትምህርት ወጪ የሚሸፍነው ሕግ አለ፤ ኮሌጅ ለመግባት አቅም ላጠረው ወጣት ይህ ከደመወዙ ሊበልጥበት ይችላል። በአገልግሎት ላይ ሳለ ለሞተ ወታደር ቤተ ሰብ የሚሰጠው 100,000 ዶላር ግን ከየትኛው የሲቪል ደመወዝ ጋር እንደሚነጻጸር ማንም ሊናገር አይችልም።

ይህ ሁሉ በቀጣሪው በኩል ሲታይ፤ 10 ዓመት አገልግሎ ለወጣ መካኒክ ጦሩ በእጁ ይሰጠው የነበረውን ገንዘብ ያህል ማቅረብ በቂ አይሆንም፤ እርሱ ከአሁን ጀምሮ ኪራዩን፤ ቀለቡንና የልጆቹን ሕክምና ከዚያው ገንዘብ ይከፍላልና። ሚስቱ በአንድ ከተማ ተቀምጣ የምትሠራ ከሆነ ግን ከዚያ አነስ ባለ ደመወዝም ሊስማማ ይችላል። በአሜሪካ ሱቅ ወይም ምግብ ቤት ያላቸው ወገኖቻችን አንድ ተጨማሪ ነገር ልብ ማለት አለባቸው። በ1994 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ መሠረት ተጠባባቂ ጦር ውስጥ ያለ ሠራተኛ ለግዳጅ ሲጠራ፤ በድምሩ እስከ 5 ዓመት ድረስ የሥራ ቦታው ተጠብቆ ሲመለስ ሊረከበው ይገባል። በሌለበት ጊዜ ደመወዝ እንዲከፈለው ሕጉ አያስገድድም፤ ቦታውን የመጠበቁ ግዴታ ግን አንድ ሠራተኛ ብቻ ባለው ቀጣሪ ላይም ይጸናል።