ሳይሞቅ የሚለቀቅ ወንበር

በኦክቶበር 2015 ስዋዚላንድ ጅቡቲ ከተማ መጥታ ብሔራዊ ቡድኑን በገዛ ሜዳው 6 ለ 0 አሸንፋ ተመለሰች። በመልሱ ጨዋታ 2 ለ 1 ጨመረችበት። የደርሶ መልሱ ድምር 8 ለ 1 ሆነ፤ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያውም ለጅቡቲ በዚያው አበቃ። አራት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ በሴፕቴምበር 2019፣ ዕጣ ሁለቱን አገሮች መልሶ አገናኛቸው። ስዋዚላንድ ስሟን ኤስዋቲኒ ብላ ነበር፤ የጅቡቲም ቡድን የድሮው አልነበረም። ጅቡቲ ከተማ ላይ 2 ለ 1 አሸነፈ፣ በመልሱ ያለ ጎል አቻ ወጣ። በ2007 ሶማሊያን 1 ለ 0 ካሸነፈ ወዲህ፣ ከ12 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው፣ ጅቡቲ እንደገና የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ምድብ ውስጥ ገባች።

እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። አንድ ትንሽ አገር በእንዲህ ያለ አጭር ጊዜ ከ8 ለ 1 ተነሥቶ ለማለፍ ከበቃ፣ ያንን ያመጣው አሠራር ተመዝግቦ፣ ተጠብቆ፣ ለሚቀጥለው መተላለፍ ነበረበት። አልተላለፈም። ይህ ደግሞ የጅቡቲ ችግር ብቻ አይደለም፤ የእኛም ነው። ለዚህ ነው ስለ ጎረቤት የአሠልጣኝ ወንበር ስጽፍ እጄ ደጋግሞ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው።

በ2019 የነበረው አሠልጣኝ ፈረንሳዊው ጁልያን ሜት ነው። ወደ ጅቡቲ ከመምጣቱ በፊት በኮንጎ ብራዛቪል የኦቶሆ ክለብ አሠልጣኝ ነበር። ኤስዋቲኒን ባሸነፈ በወሩ ለአፍሪካ ዋንጫ ቅድመ ማጣሪያ ከጋምቢያ ጋር ተገናኘ። ሁለቱም ጨዋታዎች 1 ለ 1 አለቁ፤ ጋምቢያ ያለፈችው በመለያ ምት 3 ለ 2 ነው። በእግር ኳስ ደረጃ ሰንጠረዥ ግርጌ አካባቢ ለኖረ ቡድን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በሁለት ወር ውስጥ አራት ጨዋታ ተጫውቶ በአንዱም አልተሸነፈም።

ከዚያ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያው ምድብ መጣ፦ አልጄሪያ፣ ቡርኪና ፋሶ፣ ኒጀር። በሴፕቴምበር 2021 ብሊዳ ላይ አልጄሪያ 8 ለ 0 አሸነፈች፤ ኢስላም ስሊማኒ ብቻውን አራት አገባ። ጅቡቲ ስድስቱንም ጨዋታ ተሸንፋ ያለ አንድ ነጥብ ጨረሰች። ልብ ማለት የሚያስፈልገው፣ ተጋጣሚዋ አልጄሪያ በዚያን ጊዜ የአፍሪካ ሻምፒዮን ነበረች። ከምድቡ በላይ የሚያመው በማርች 2022 ደቡብ ሱዳን ከአፍሪካ ዋንጫ ቅድመ ማጣሪያ ያሰናበተቻት ጊዜ ነው፤ ያ አቅሟ የሚፈቅድ ተጋጣሚ ነበር። በዚያው ዓመት ሜት ሄደ። በ2023 ስቴፋን ናዶ ቡድኑን ይዞ ለ2026ቱ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ገባ። በኖቬምበር ካይሮ ላይ ግብፅ 6 ለ 0 አሸነፈች፤ መሐመድ ሳላህ አራት ጎል አስቆጠረ።

ሁለት የተለያዩ አሠልጣኞች፣ በሁለት ዓመት ልዩነት፣ ሰሜን አፍሪካ ላይ አንድ ዓይነት ሽንፈት። ይህን የሚያይ ደጋፊ አሠልጣኝ ይቀየር ማለቱ አይደንቅም። እኔ ግን ሌላ ጥያቄ አለኝ፦ ሁለተኛው አሠልጣኝ የመጀመሪያው ከብሊዳ ሲመለስ የጻፈውን ማስታወሻ አግኝቷል?

አሠልጣኝ ሲሰናበት ጋዜጣ ላይ የሚወጣው የአንድ ሰው ስም ነው። በተግባር የሚወጣው ግን ብዙ ነው። ምክትሉ አብሮ ይሄዳል፤ የግብ ጠባቂዎች አሠልጣኙና የአካል ብቃት ባለሙያው ብዙ ጊዜ ዋናው ሰው ያመጣቸው ስለሆኑ አብረው ይወጣሉ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው የጨዋታ ቪዲዮም የግል ንብረት ነው። የትኛው ተከላካይ ጉልበቱን ሁለቴ እንደታከመ፣ የትኛው አማካይ በቀኝ እግሩ ብቻ እንደሚቀበል፣ ፈረንሳይ ወይም ቤልጂየም ያደገው ልጅ ለመምጣት ማን እንዳናገረው፣ ይህ ሁሉ በሰዎቹ ጭንቅላት ውስጥ ሆኖ አውሮፕላን ይሳፈራል። ቀሪው ወጌሻውና ትጥቅ ያዡ ናቸው። አዲሱ አሠልጣኝ ካርድ የሌለው በሽተኛ እንደሚቀበል ሐኪም ከዜሮ ይጀምራል።

ለመጀመር ደግሞ ጊዜ የለውም። የብሔራዊ ቡድን ጥሪ በዓመት ጥቂት ጊዜ ነው። ለክለቡ እሑድ የተጫወተ ልጅ ሰኞ ወይም ማክሰኞ ይገባል፤ የመጀመሪያው ቀን ድካም ማስወጫ ነው፤ ጨዋታው ሐሙስ ወይም ዓርብ ይሆናል። አሠልጣኙ ሙሉ ቡድኑን አሰልፎ በትክክል የሚያሠራው ሁለት ልምምድ ብቻ ሊሆን ይችላል። በሁለት ልምምድ አራት ተከላካዮች እኩል ወደፊት መውጣትና እኩል መመለስ አይማሩም። ይህ የሚገኘው ከዓመት ዓመት በመደጋገም ነው፤ ለመደጋገም ደግሞ የሚደግመው ሰው መቆየት አለበት።

በጅቡቲ ይህን የሚያከብደው የክለቦቹ አቋቋም ነው። ክለቦቹን የሚያቆሙት በብዛት መሥሪያ ቤቶች ናቸው፦ ወደቡ አለው፣ ቴሌኮሙ አለው፣ ጀንዳርመሪው አለው፣ የሪፐብሊካን ጥበቃው አለው። ከሁሉም እኔን የሚስበኝ የምድር ባቡሩን ምኅጻረ ስም ይዞ ዋንጫ ያነሣው ሲዲኢ ነው፤ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋን አቋርጦ ወደብ ይደርስ የነበረው የእኛም ባቡር ነውና። አደረጃጀቱ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ ንግድ ባንክን፣ መብራት ኃይልን፣ መከላከያን፣ መድንን ያሳደገው ይኸው መንገድ ነው። ጥቅሙ ደሞዝ መኖሩ ነው። ጉዳቱ የክለቡ አለቃ የመሥሪያ ቤቱ አለቃ መሆኑ ነው፤ ኃላፊው ሲዛወር አሠልጣኙም ጠያቂውን ያጣል።

አርታ ሶላር ሰባት የሚባለው ክለብ ለየት ያለ መንገድ ሞከረ። በኖቬምበር 2020 የአርሰናልና የባርሴሎና የቀድሞ አማካይ አሌክስ ሶንግን፣ በጃንዋሪ 2022 የቀድሞውን የቼልሲ ተጫዋች ሰሎሞን ካሉን አስፈረመ። ያን ሰሞን የጅቡቲ ስም በዓለም የስፖርት ዜና ላይ ወጣ፤ ለአገሩ ልጆችም ትልቅ ደስታ ነበር። እኔ ግን ያ ገንዘብ ለባልባላ ሰፈር ልጆች የሚቀመጡ የወጣት አሠልጣኞችን ለስንት ዓመት ሊያኖር ይችል እንደነበር ማሰብ አልተውም። ከመሀል ከተማው የአምቡሊን ወንዝ ተሻግሮ በተዘረጋው ባልባላ ልጅ ሞልቷል፤ ሣር ግን የለም። ፀሐይ በረድ ስትል፣ ከአሥር ሰዓት በኋላ፣ አቧራማው ባዶ ቦታ ሁሉ ሜዳ ይሆናል። እነዚያን ልጆች በስም የሚያውቅ አሠልጣኝ ከማንም ኮከብ ይበልጥ ለብሔራዊ ቡድኑ ይቀርባል።

የሜዳው ነገር ራሱን የቻለ ሸክም ነው። ስታዲየሙ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መስፈርት ባለማሟላቱ ጅቡቲ ባለሜዳ ሆና አልጄሪያን ያስተናገደችው ካይሮ ላይ ነው። በኦክቶበር 2024 በየአገሩ ሊግ የሚጫወቱ ተጫዋቾች ብቻ ለሚሰለፉበት የአፍሪካ ውድድር ለቻን ማጣሪያ ከሩዋንዳ ጋር ሁለቱንም ጨዋታ ኪጋሊ ላይ አደረገች። የመጀመሪያውን 1 ለ 0 አሸነፈች፤ በቀናት ልዩነት በተደረገው መልስ 3 ለ 0 ተሸነፈች። ያ የመጀመሪያው ውጤት ጅቡቲ ከተማ ላይ፣ በዚያ እርጥብ ሙቀት፣ በሕዝቡ ፊት ተገኝቶ ቢሆን ኖሮ አሠልጣኙ ቢያንስ አንድ ዓመት ዕድሜ ይገዛበት ነበር ብዬ አምናለሁ። በስደት የሚጫወት ቡድን አሠልጣኝ ጥሩ ሥራው አይታይለትም፤ ሽንፈቱ ግን በስልክ ወዲያው ይደርሳል።

እኛም በዚሁ ስደት ላይ ነበርን። በ2026ቱ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ኢትዮጵያና ጅቡቲ አንድ ምድብ ደረሳቸው። ድንበር የሚጋሩ፣ በባቡርና በመንገድ የተሳሰሩ፣ የአንዱ ጭነት በሌላው ወደብ የሚያልፍ ሁለት አገሮች ሁለቱንም ጨዋታ ያደረጉት ሞሮኮ፣ ኤል ጀዲዳ ላይ ነው። በጅቡቲ ከተማ ዳር ባለው ፒኬ 12 የመኪና ማቆሚያ ተራ የሚጠብቁት የእኛ ከባድ መኪና ሾፌሮች ጨዋታው ጅቡቲ ላይ ቢደረግ የስታዲየሙን ግማሽ ይሞሉት ነበር። በጁን 2024 ውጤቱ 1 ለ 1 ሆነ፤ በማርች 2025 ኢትዮጵያ 6 ለ 1 አሸነፈች። የመጀመሪያውን ያሠለጠነው ገብረመድኅን ኃይሌ ነው፣ ሁለተኛውን መሳይ ተፈሪ። በአንድ ማጣሪያ፣ በአንድ ተጋጣሚ ላይ፣ በዘጠኝ ወር ልዩነት ዋልያዎቹን ሁለት ሰው መራቸው። 6 ለ 1 ስላሸነፍን ማንም አልጠየቀም።

ነገሩን ከ2014 ብንቆጥረው ይበልጥ ያሳዝናል። ሰውነት ቢሻው ኢትዮጵያን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አበቃ። በ2013 መጨረሻ ከናይጄሪያ ጋር ለዓለም ዋንጫ የመጨረሻውን ደርሶ መልስ ተጫወተ፤ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተሸንፎ ቀረ። ከዚያ ደቡብ አፍሪካ ላይ በተደረገው ቻን ሦስቱንም ጨዋታ ያለ ጎል ተሸነፈ፤ በፌብሩዋሪ 2014 ተሰናበተ። ከካላባር እስከ ስንብቱ ሦስት ወር አይሞላም። ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ መጥቶ በ2015 ሄደ። ዮሐንስ ሣህሌ አልጄሪያ ላይ ከደረሰበት የ7 ለ 1 ሽንፈት በኋላ በ2016 ተነሣ። ገብረመድኅን ኃይሌ፣ አሸናፊ በቀለ፣ አብርሃም መብራቱ፣ ውበቱ አባተ ተከተሉ፤ ከውበቱ በኋላ ዳንኤል ገብረማርያም በጊዜያዊነት፣ ገብረመድኅን እንደገና፣ ከዚያ መሳይ።

ከእነዚህ ውስጥ በቆይታው ጎልቶ የሚታየው ውበቱ ነው። ከ2020 እስከ 2023 ቆየ። በካሜሩኑ አፍሪካ ዋንጫ ቡድኑን አሳተፈ፤ በጁን 2022 ሊሎንግዌ ላይ ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፈ። ያን ጨዋታ ያየ ሰው ኳሱ ከግብ ጠባቂው ተነሥቶ በአጭር ቅብብል መሀል ሜዳ ሲደርስ የነበረውን መረጋጋት አይረሳም። ያ በአንድ ሳምንት ካምፕ የሚመጣ አልነበረም፤ የሁለት ዓመት ድግግሞሽ ውጤት ነበር። እሱ ሲነሣ ያ አጨዋወትም አብሮት ተነሣ።

አሁን ወደ ጋምቢያ ልመለስ። በኦክቶበር 2019 ጅቡቲን በመለያ ምት ብቻ ያለፈችው ጋምቢያ አሠልጣኟ ቤልጂየማዊው ቶም ሴንትፊት ነበር። ይህ ሰው በ2011 የዋልያዎቹ አሠልጣኝ ሆኖ ወራት ብቻ ቆይቶ የሄደ ነው። ጋምቢያ በ2018 ቀጠረችው፤ ከጅቡቲ ጋር ያን ያህል ተቸግራ ስታልፍም አላባረረችውም። በ2022 መጀመሪያ፣ በታሪኳ የመጀመሪያ በሆነው የአፍሪካ ዋንጫ፣ ሩብ ፍጻሜ ደረሰች። ኢትዮጵያ በዚያው ውድድር ከምድቧ አላለፈችም። ሴንትፊት እስከ 2024 ቆየ። ጅቡቲን ያኔ ከጋምቢያ የለያት አንድ ምት ነበር፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ያለው ርቀት ግን በምት የሚለካ አይደለም።

ቆይታ ብቻውን ተጫዋች አይፈጥርም፤ ጋምቢያ አውሮፓ የሚጫወቱ ልጆች ነበሯት። ደካማ አሠልጣኝንም በቆይታ ስም መሸከም አይገባም። የጅቡቲ ፌዴሬሽን ግን በአንድ ነገር ሊመሰገን ይችላል፤ ፕሬዚዳንቱ ሱሌማን ሐሰን ዋበሪ ከ2012 ጀምሮ በቦታው ናቸው። አመራሩ የቆየውን ያህል የሥልጠናው ክፍል ሊቆይ የማይችልበት ምክንያት አይታየኝም።

ዋናው አሠልጣኝ ከውጭ ይምጣ፤ ይሂድም። ምክትሉ፣ የግብ ጠባቂዎች አሠልጣኙና የወጣት ቡድኑ ኃላፊ ግን ውላቸው ከዋናው ሰው ውል ጋር የታሰረ መሆን የለበትም። የአገር ልጆች ይሁኑ፣ ከፌዴሬሽኑ ጋር ለአራት ዓመት ይፈርሙ፣ አዲስ የሚመጣው አሠልጣኝ እነሱን ተቀብሎ እንዲሠራ ውሉ ላይ ይጻፍ። የእያንዳንዱ ካምፕ የልምምድ ዕቅድ፣ የተጫዋቾች የጉዳት መዝገብና የጨዋታ ቪዲዮ የፌዴሬሽኑ ንብረት ይሁን፤ የመጨረሻው ክፍያም እነዚህ ሳይረከቡ አይለቀቅ። ይህ ስታዲየም እንደማደስ ብዙ ሚሊዮን አይጠይቅም። አዲስ አበባም ጅቡቲም ዛሬ ሊጀምሩት ይችላሉ፤ የ2027ቱ አፍሪካ ዋንጫ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በኡጋንዳ፣ በራሳችን ቀጠና የሚደረግ ነው።