ቀጭኔዋ አንገቷን ስትሰብር

የአሜሪካው የመጫወቻ ባቡር ሠሪ ሊዮኔል በ1960 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ለገበያ ያቀረበው አንድ ሰማያዊ ፉርጎ አለ። ጎኑ ላይ የኒውዮርኩ የብሮንክስ መካነ እንስሳት ስም ተጽፎበታል። በጣራው ቀዳዳ አንዲት ቀጭኔ አንገቷን አስግጋ ትጓዛለች። ሐዲዱ ዳር አንድ ምሰሶ ቆሟል፤ ከምሰሶው ክንድ ላይ ቀጫጭን ዘርፎች ወደታች ተንጠልጥለዋል። ባቡሩ እዚያ ሲደርስ ሐዲዱ ላይ የተገጠመችው ብረት ከፉርጎው ሆድ ሥር ያለችውን ዘንግ ትነካለች። ቀጭኔዋ አንገቷን ሰብራ ዝቅ ትላለች፣ ዘርፉን ታልፋለች፣ እንደገና ብቅ ትላለች።

ይቺን ቀጭኔ ሲያይ ፊቱ የሚበራ የመጫወቻ ባቡር ወዳጅ አለ። ፊቱን የሚያዞርም አለ። እኔ በምኖርበት በሜሪላንድም ሆነ፣ በየዓመቱ በኤፕሪልና በኦክቶበር ትልቅ የባቡር ገበያ በሚቆምባት በፔንሲልቬንያዋ ዮርክ ከተማ፣ ሁለቱ ወገኖች በአንድ አዳራሽ ውስጥ ይተላለፋሉ። አንደኛው የሚፈልገው የሚንቀሳቀስ፣ የሚያስቅ፣ የሚያስደንቅ ነገር ነው፤ ሮኬት የሚተኩስ ፉርጎ፣ የወተት ቢዶን እያወጣ መድረክ ላይ የሚደረድር ነጭ ለባሽ ሠራተኛ። ሁለተኛው እውነተኛውን ባቡር በልኩ አሳንሶ ማየት ይፈልጋል፤ የዝገቱ ቀለም፣ የቁጥሩ አጻጻፍ፣ የሪቬቱ ብዛት ሳይቀር። ይህን ሁለተኛውን ወገን ሌሎቹ «ሪቬት ቆጣሪ» ይሉታል።

ስለ ቀጭኔዋ ግን አንድ ነገር መባል አለበት። ዘርፉ ከሰማይ የወረደ ፈጠራ አይደለም። ነጂው ካለበት ሆኖ የባቡሩን ሁሉ ፍሬን መያዝ ከመቻሉ በፊት፣ የአሜሪካ ዕቃ ጫኝ ባቡር ሠራተኞች በፉርጎዎቹ ጣራ ላይ እየተራመዱ ፍሬኑን አንድ በአንድ በእጃቸው ያጠብቁ ነበር። ዋሻ ወይም ዝቅ ያለ ድልድይ ከመድረሱ በፊት ገመዶች ከሐዲዱ በላይ ይሰቀሉ ነበር። በጨለማም ቢሆን ገመዱ ፊቱን የነካው ሠራተኛ ወዲያው ጎንበስ ይላል፤ ካላጎነበሰ አለቀለት። የቀጭኔዋን መጫወቻ የሠራው ሰው ይህን ሕይወት አድን ገመድ ያውቀዋል ማለት ነው። ለዚህ ነው ቀጭኔዋን ተራ ቀልድ ናት ብለው ሲያልፏት ቅር የሚለኝ።

እኔ ራሴ ከሁለተኛው ወገን ነኝ። የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፤ አባቴ የምድር ባቡር የጥገና ክፍል ሠራተኛ ነበር። አባቱ የተቃጠለ ዘይት ሽታ ልብሱ ላይ ይዞ ሲገባ እያየ ያደገ ልጅ፣ ባቡር ሲባል የሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ አይታየውም። የሊዮኔልን ሐዲድ መጀመሪያ ሳየው መሐሉ ላይ የተዘረጋው ሦስተኛው ዘንግ ዓይኔን ወጋኝ። የትኛው ባቡር ነው በሦስት ዘንግ ላይ የሚሄድ?

ምክንያቱን ሳውቅ ግን ሥራውን አከበርኩት። በሁለት ዘንግ ብቻ ቢሆን አንዱ ኤሌክትሪክ ያመጣል፣ ሌላው ይመልሳል። ልጁ ሐዲዱን አዙሮ ወደ መጣበት መስመር መልሶ ቢያገናኘው ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ይሆንና ሾርት ያደርጋል። መሐለኛው ዘንግ ኤሌክትሪኩን ካመጣና ሁለቱ ዳርና ዳሮች አብረው ከመለሱ ግን፣ ሐዲዱ እንዳሻው ቢጠማዘዝ ችግር የለም። የሰባት ዓመት ልጅ ወለል ላይ እንደ ልቡ እንዲገጣጥም ተብሎ እውነታው ተሠዋ። ልጁን ያስቀደመ ውሳኔ ነው፤ እኔም ብሆን ያንኑ እወስን ነበር።

ደግሞስ እውነታው በሪቬት ቆጣሪዎቹ ዘንድስ መች ሙሉ ሆኖ ያውቃል? ሊዮኔል በ1937 ያወጣው 700ኢ የተባለ ሎኮሞቲቭ አለ፤ የኒውዮርክ ሴንትራል ባቡር ድርጅትን የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ በ48 እጅ አሳንሶ የሠራው። ዋጋው ያኔ 75 ዶላር ነበር፤ ሰብሳቢዎች ዛሬም ስሙን በአክብሮት ያነሳሉ። ይህ ሎኮሞቲቭ የሚሄድበት ሐዲድ ስፋቱ 31.75 ሚሊሜትር ነው። በ48 ሲባዛ 1524 ሚሊሜትር ይመጣል። እውነተኛው የአሜሪካ ሐዲድ 1435 ነው። ስለ ሎኮሞቲቩ ያን ያህል ተጨንቀው ሲያበቁ፣ ሥሩ ያለው ሐዲድ በእውነተኛው ልክ ሲታሰብ 9 ሳንቲሜትር ገደማ ሰፍቷል። ይህ እንቅልፍ የነሳቸው ሰዎች ሐዲዱንም መንኮራኩሩንም በትክክለኛው ስፋት እንደ አዲስ ይሠራሉ። ኩርባው ደግሞ ይብሳል። የተለመደው የሊዮኔል ክብ ከዳር እስከ ዳር 79 ሳንቲሜትር አካባቢ ነው፤ በእውነተኛው ልክ 38 ሜትር መሆኑ ነው። እንዲህ ባለ ኩርባ የሚዞር ትልቅ ባቡር የለም። ሳሎን ውስጥ ባቡር የሚያስኬድ ሰው የግድ አንድ ነገር ይተዋል፤ ጥያቄው የትኛውን ነው የሚተወው ነው።

የገበያው ታሪክም ለማንም ወገን አያደላም። ሊዮኔል በ1930ዎቹ የገንዘብ ቀውስ ውስጥ ወድቆ ሳለ፣ በ1934 ሚኪ ማውስና ሚኒ ማውስ እየተፈራረቁ የሚገፉትን አንድ ዶላር የሚሸጥ ጋሪ አወጣ፤ እንደ ጉድ ተሸጠ። ጋሪው ብቻውን ኩባንያውን አድኖታል ባይባልም፣ ሦስት ዓመት ቆይቶ ለመጣው ባለ 75 ዶላሩ ሎኮሞቲቭ የጠቀመ ይመስለኛል። በ1957 ደግሞ ለሴት ልጆች ተብሎ ሮዝ ሎኮሞቲቭ ያለው ባቡር ወጣ። ፉርጎዎቹም እንደ ከረሜላ በየቀለሙ ናቸው። አልተሸጠም። እኔ እንደሚገባኝ ሴት ልጆቹም ባቡር ከተባለ ጥቁሩን፣ ጭስ የሚያወጣውን ነበር የፈለጉት። ያ ሮዝ ባቡር ዛሬ ግን ሰብሳቢዎች በብዙ ገንዘብ የሚፈልጉት ዕቃ ሆኗል።

ከሁሉ በላይ የማከብረው ሰው ጆን አለን ነው። በካሊፎርኒያዋ ሞንተሬይ ከተማ በቤቱ ምድር ቤት የሠራው የባቡር መስመር፣ ተራራው ከወለል ተነስቶ ጣራ የሚነካ፣ ፉርጎዎቹ ፀሐይና ዝናብ የተፈራረቀባቸው የሚመስሉ ነበር። አዲስ ባቡርን በቀለም ማስረጀት ዛሬ የተለመደ ሙያ የሆነው በእሱና በመሰሎቹ ነው። ይህ ሰው ታዲያ ጣቢያው ላይ ፉርጎ እየጎተተች የምታቀያይር ኤማ የምትባል ዳይኖሰር ነበረችው፤ እንደ ሎኮሞቲቭ ቁጥርም ሰጥቷታል። የሪቬት ቆጣሪዎቹ መምህር ዳይኖሰር አሰማራ! አለን በ1973 ሞተ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቤቱ ተቃጥሎ አብዛኛው መስመሩ ወደመ። በዋናነት የቀረው ፎቶግራፉ ነው፤ ኤማም ፎቶው ላይ አለች።

ከ1949 የመጣ ሌላ የሊዮኔል ፉርጎ አለ፤ የከብት ፉርጎ። ከጎኑ ትንሽ በረት ይቆማል። ወለሉ በኤሌክትሪክ ሲንቀጠቀጥ፣ እግራቸው ሥር ብሩሽ መሳይ ነገር ያላቸው ላሞች እየተንገዳገዱ በአንዱ በር ይገባሉ፣ በሌላው ይወጣሉ። አብረውኝ ባቡር የሚሠሩ አሜሪካውያን ይህን ከአስቂኞቹ መጫወቻዎች ይመድቡታል። እኔ አልችልም። ድሬዳዋ ላይ ከብት ወደ ጅቡቲ ሲጫን አይቻለሁ፤ ላሟ ተረጋግታ አትገባም፣ ልክ እንደዚያ እየተንገዳገደች ነው። ለእነሱ ቀልድ የሆነው ለእኔ የሠፈሬ እውነት ነው።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ያለው የድሬዳዋ ጣቢያ ነው፤ ባቡሩ በ1902 የደረሰበት፣ ከተማዋም በእሱ ሰበብ የተቆረቆረችበት። የእኛ ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር፤ በ87 ሲያንስ 11.5 ሚሊሜትር ይሆናል። የሚሸጠው ሐዲድ 12 ነው፤ ግማሿን ሚሊሜትር ትቻታለሁ። ሴት ልጄ ደግሞ ሐዲዱ ላይ የተኛች፣ ፊሽካ ስትሰማ የምትነሳ ግመል ካልሠራን አለች። አንድ ሪቬት ቆጣሪ ወዳጄ ሰምቶ «እሱማ መጫወቻ ይሆናል» አለኝ። ከአባቴ ጋር ይሠሩ ለነበሩ አዛውንት ባሳየኋቸው ጊዜ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የለም ልጄ፣ በፊሽካማ አትነሳም» አሉ። «ነጂው ያቆማል፣ ረዳቱ ይወርዳል፣ ባለቤቷ ይጠራል። ከዚያ በኋላ ነው የምትነሳው።»

ስለዚህ ግመሏን ትተን መጀመሪያ የያዝነው የባቡሩን መቆሚያ ነው። ግመሏ ያለችበት ሐዲድ ከሌላው ተነጥሎ የራሱ ማብሪያ ማጥፊያ እየተሠራለት ነው። ማብሪያ ማጥፊያው በልጄ እጅ ይሆናል፤ ግመሏ ካልተነሳች ኤሌክትሪክ አይለቀቅም።