ቃሪያ ለምን አልበላም አለ?

ባለፈው ጥር ወደ አሜሪካ የሄድኩት ልጄን ላርስ ነው። በሻንጣዬ የገንፎ ዱቄት፣ የአጥሚት እህል፣ በርበሬና አንድ ጋቢ ይዤ ነበር። ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ በሚባለው ከተማ ካለው ቤታቸው ስደርስ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብዬ አራሷን ሳምኩ። ሕፃኗን ታቅፌ ፊቷን በቅጡ ሳላይ የዘጠኝ ዓመቱ የልጅ ልጄ ቀሚሴን ጎትቶ ሳሎኑ ጥግ ወደተቀመጠ የመስታወት ሳጥን ወሰደኝ።

«እማማ፣ ተዋወቂው። ቃሪያ ይባላል» አለኝ።

ከጣቴ እምብዛም የማይረዝም እስስት ነበር።

እውነቱን ልናገርና፣ ወደ ኋላ አፈገፈግኩ። እኔ ባደግኩበት አገር ልጆች እስስት ስናይ አፋችንን በእጃችን እንከድን ነበር። ጥርስ ካየ ጥርስ ያረግፋል ይሉን ነበር ትልልቆቹ። ይኸው ስልሳ ሰባት ዓመት ሞላኝ፤ ያን ቀን ግን ከንፈሬን ገጥሜ ነው ያየሁት። የልደት ስጦታው ነው። አረንጓዴና ቀጭን ስለሆነ ቃሪያ ብሎታል። የኋላ እግሩ ላይ ያለችውን ትንሽ ጉጥ እያሳየኝ «ወንድ ነው፣ ወንዶቹ ብቻ ናቸው ይሄ ያላቸው» አለኝ። የዘሩ አገር የመንና ደቡብ ምዕራብ ሳዑዲ ዓረቢያ መሆኑንም ነገረኝ። ከቀይ ባሕር ማዶ ያለ ጎረቤታችን ነው ማለት ነው፤ ምንም እንኳ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡት አብዛኞቹ እዚያው የተፈለፈሉ ቢሆኑም።

ይህን ሁሉ በደስታ ሲያወራኝ ቆይቶ ድምፁ ዝቅ አለ። «ግን አይበላም፤ ከመጣ ሁለት ቀኑ ነው» አለ።

በማግስቱም አልበላ። በሦስተኛው ቀን ቀለሙ ጠቆረ። ማታ ማታ የሚጮኹት ቡናማ ፌንጣዎች እፊቱ ይዘላሉ፤ እሱ ቅርንጫፉን ጨብጦ አንዱን ዓይኑን ወደ እኛ፣ ሌላውን ወደ ጣሪያው አድርጎ ዝም። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቦርሳውን ሳያወርድ ወደ ሳጥኑ ይሮጣል፤ ያወጣዋል፣ መዳፉ ላይ ያስቀምጠዋል፣ «እባክህ ብላ» ይለዋል። አባቱ ሌሊት ነው የሚሠራው። እናቱ አራስ ናት። እንግዲህ የቀረሁት እኔ ነኝ።

እኔ ደግሞ አልበላም ላለ ሁሉ የማውቀው መድኃኒት አንድ ነው፤ ማጉረስ። አራት ልጆች ያሳደግኩት እያባበልኩ፣ ሲብስም እየጋትኩ ነው። ስለዚህ «ወረንጦ አምጣልኝ፣ አፉን ፈልቀቅ አድርጌ አንዲት ፌንጣ ላጉርሰው፣ ከቀመሰ ይለምዳል» አልኩ። ልጁ ጮኸብኝ። «እማማ አይሆንም! ምላሱ ይጎዳል!» ቀይ ሆኖ፣ እንባውም መጣ።

ልክ ነበር። ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት የተዋሰውን መጽሐፍ አምጥቶ እየተረጎመ አነበበልኝ። የእስስት ምላስ ከገላው ይረዝማል፤ አፉ ውስጥ ተሰብስቦ ይቀመጥና እንደ ቀስት ይወረወራል። ሁለቱ ዓይኖቹ ለየብቻ የሚዞሩ ቢሆኑም ምግቡን ሊመታ ሲል ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ያነጣጥራሉ። ምላሱ ከተጎዳ አለቀ፤ ማደኛው እሱ ነው። የሚያውቅ ሰው ካልሆነ በቀር የእስስትን አፍ በግድ መክፈት የለበትም።

በዚያው ምሽት እናቱ ከአልጋዋ ሆና «ነገ ይመለስ!» አለች። ፈርታ ነው፤ አልፈርድባትም። ተሳቢ እንስሳት ጤነኛ መስለው ሳልሞኔላ የሚባለውን የሆድ ተዋሲያን ሊይዙ ይችላሉ፤ ጨቅላ ሕፃን ባለበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እኔም ያን ሳላውቅ ሳጥኑን ነክቼ ሕፃኗን ታቅፌ ነበር። ልጁ ግን እህቱ ከተወለደች ወዲህ በዚያ ቤት ውስጥ የእኔ የሚለው ነገር ያ እስስት ብቻ ነበር። በሩን ዘግቶ አለቀሰ። እኔ መሐል ገብቼ አንድ ሳምንት ለመንኩ፤ ሳጥኑ ከሳሎን ወጥቶ ልጁ ክፍል ይገባል፣ የነካው ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠባል፣ ሕፃኗ ወደዚያ አትደርስም ብዬ ዋስ ሆንኩ። ለእስስት ዋስ እሆናለሁ ብዬ መች አስቤ!

በአራተኛው ቀን ተሳቢ እንስሳት የምታክም ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። የምርመራውን ዋጋ ስሰማ በልቤ ስንት በግ እንደሚገዛ አሰብኩና ተውኩት። ሐኪሟ ግን ደግ ናት። ቃሪያን ብዙ አልነካችውም፤ ዓይኑን አየች፣ መዘነችው፣ ኩሱን ለጥገኛ ትል ምርመራ ወሰደች። ከዚያ የሳጥኑን ፎቶ አሳዩኝ አለች። አማቼ ስልኩን ሰጣት። እያየች አንገቷን ነቀነቀች።

«የታመመው ቤቱ ነው» አለችን።

ዕቃውን ሁሉ የሸጠላቸው መደብር እውነትም ምንም አላስረዳቸውም። መስታወት ውስጥ እስስቱ የራሱን ምስል ያያል፤ ሌላ እስስት ይመስለዋል። እስስት ደግሞ ብቻውን የሚኖር ፍጡር ነው፤ ሌላ እስስት አጠገቡ ካለ ቀኑን ሙሉ ጠላት እንደመጣበት ነው የሚኖረው። በዚያ ላይ መስታወት አየር አያዘዋውርም። የሚሻለው ዙሪያው ወንፊት የመሰለ ሽቦ የሆነ፣ ወደ ላይ ረዘም ያለ፣ ቅጠል የበዛበት ቤት ነው። የኛው ሳጥን ውስጥ የነበሩት አንድ ደረቅ እንጨትና አንድ የፕላስቲክ ቅጠል ናቸው። የሚሸሸግበት የለውም፤ ከላይ ሰዎች ያፈጡበታል፣ ከጎን ምስሉ።

ሙቀቱም ከልክ አልፏል። ለዚህ ዕድሜ መብራቱ ስር ያለው ቅርንጫፍ ላይ ከ27 እስከ 29 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበቃዋል፣ ሌላው ቦታ ቀዝቀዝ ማለት አለበት። ቴርሞሜትር ገዝተን ስንለካው 38 አለ። ማታም እንዳይበርደው ብለን መብራቱን አናጠፋም ነበር፤ ለካ እንቅልፍ ነስተነዋል። አሥራ ሁለት ሰዓት ብርሃን፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ድፍን ጨለማ ነው የሚያስፈልገው።

ሌላው ሙቀት ብቻ ሳይሆን ዩቪቢ የሚባለውን ጨረር የሚሰጥ ለየት ያለ መብራት ነው። ይህን ስትናገር ወዲያው ገባኝ። እኛ ሕፃናትን ጠዋት ፀሐይ የምናሞቀው ለምንድነው? ለቫይታሚን ዲ አይደል? እስስትም ያንን ጨረር ካላገኘ ካልሲየም ከገላው ጋር አይዋሐድለትም፤ አጥንቱ ይለሰልሳል፣ እግሩ ይጣመማል፣ መንጋጋው ይላላል። መስኮት አጠገብ ማስቀመጥ አይተካውም፣ መስታወቱ ጨረሩን ያስቀረዋልና።

ውሃውን ደግሞ በሳህን አስቀምጠንለት ነበር። እስስት የቆመ ውሃ ውሃ አይመስለውም። የሚያውቀው ጤዛን ነው፤ ቅጠል ላይ የሚያበራ ጠብታ ሲያይ ይልሳል። በክረምት የሚነደው የቤት ማሞቂያ አየሩን ስለሚያደርቀው ቃሪያ ተጠምቶ ነበር። ዓይኑ ጎድጎድ ማለቱና ከኩሱ ነጭ መሆን ያለበት ወገን ብርቱካንማ መሆኑ ምልክቱ ነው። የተጠማ አይበላም።

ፌንጣዎቹም ትልልቅ ነበሩ። ልኩ በእስስቱ ሁለት ዓይኖች መሐል ካለው ስፋት የማይበልጥ ነው። ከዚያ የበለጠ ከሆነ ይፈራዋል፣ ቢደፍርም ያንቀዋል። ያልተበሉትም ሳጥኑ ውስጥ ካደሩ ሌሊት የተኛውን እስስት ይነክሱታል፤ ስለዚህ ማታ ይለቀማሉ።

ሐኪሟ በመጨረሻ ወደ ልጁ ዞረች። «በቀን ስንት ጊዜ ታወጣዋለህ?» ጣቶቹን ቆጠረ፤ ስድስት። «ከዛሬ ጀምሮ ዜሮ» አለችው። አዲስ ቤት የገባ ልጅ እስስት ጥቂት ቀን ምግብ ቢተው እንደማያስገርም፣ ውሃ ከጠጣ ጊዜ እንዳለን፣ ቀን ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ከዋለ ግን ሳንውል ሳናድር እንድናመጣው ነገረችን።

ዕቃው በዚያው ቀን ተለወጠ። አማቼ ከእንቅልፉ ቀንሶ የሽቦውን ቤት ገጣጠመ፤ እኔ የሚንዘላዘሉ የቤት ተክሎችን ቅጠላቸውን አጥቤ አስገባሁ። በመርጫ ቅጠሉን አረጠብንና በሩን ገርበብ አድርገን ወጣን። ማታ ልጁ በቀዳዳ አጮልቆ ሮጦ መጣ፤ «ጠጣ! እማማ ጠጣ!» አለኝ። ግን አልበላም።

በአምስተኛው ቀን እራት ላይ የሆነውን ላውጋችሁ። ልጁ እህቱ ከተወለደች ጀምሮ ምግብ ቀንሷል። እኔ አያት ነኝ፤ ሳህኑ ላይ ቆሜ «አንዲት ጉርሻ ብቻ፣ ለእኔ ስትል፣ ይቺን ብቻ» እያልኩ ነበር። ማንኪያውን አስቀመጠ። «እማማ፣ እኔንም እያየሽኝ ነው» አለኝ። አማቼ ሳቀ፤ እኔ ግን ደነገጥኩ። አራቱን ልጆቼን እንዲህ ነበር ያበላሁት፤ አፍጥጬ። የዚያን ዕለት ሳህኑን ትቼለት ዕቃ ላጥብ ሄድኩ። ጨረሰው አልልም፤ ግማሹን በላ። ከዚያ በኋላ አጠገቡ ስቀመጥ የራሴን እበላ ነበር።

በስድስተኛው ቀን ንጋት ላይ ሕፃኗ አላስተኛ ስላለቻት እናቷን ላሳርፍ ብዬ እኔ ወሰድኳት፤ አቅፌያት ኮሪደሩ ላይ እየተንጎራደድኩ እሹሩሩ እላለሁ። የቃሪያ መብራት በሰዓቱ ራሱ በራ። በበሩ ስንጥቅ አየሁ። ልጁ ተኝቷል። ቃሪያ ከቅጠሉ ውስጥ ቀስ እያለ፣ አንድ እግሩን አንስቶ እንደ ነፋስ እየተወዛወዘ ወጣ። ማታ ስንለቅም ያመለጠችን አንዲት ትንሽ ፌንጣ ሽቦው ላይ ነበረች። ሁለቱ ዓይኖቹ ወደ እሷ ዞሩ። ከዚያ ያየሁት የለም፤ ፌንጣዋ ቦታዋ ላይ አልነበረችም፣ ቃሪያ ያኝክ ነበር።

ልጁን ልቀስቅሰው ወይስ ልተወው? ከቀሰቀስኩት ይሮጣል፣ ይጮሃል፣ ያቺ የመጀመሪያ ጉርሻ የመጨረሻ ትሆናለች ብዬ ፈራሁ። ተውኩት። ሲነሳ ስነግረው ደስ ይለዋል ብዬ ነበር፤ አለቀሰ። ስድስት ቀን ጠብቆ ያየሁት እኔ ሆንኩ። ይቅርታ ጠየቅኩት። ዛሬም ያን ጠዋት ሳስብ ልክ ሠራሁ ወይስ አልሠራሁም፣ መወሰን አልቻልኩም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀለለ። ልጁ ጠዋት ትንንሽ ፌንጣዎች ይሰጠውና በሩ ጋ ወንበር ላይ ተቀምጦ ከሩቅ ያያል። ፌንጣዎቹ ከመሰጠታቸው በፊት በካልሲየም ዱቄት ይነከራሉ፤ እነሱም ራሳቸው ካሮትና ጎመን ይበላሉ፣ የበሉት ለእስስቱ ይተርፋልና። ለአራሷ የምከትፈውን ጎመን እየቆነጠርኩ ለፌንጣ ስሰጥ እናቴ ብታየኝ ምን ትል ነበር? የትል ምርመራውም ነፃ ሆኖ ተገኘ። ሳምንቱ ሲያልቅ ልጄ «ይመለስ» የሚለውን አላነሳችውም፣ እኔም አላስታወስኳትም።

የልጅ ልጆቻችሁ እስስት ግዙልን ብለው ቢለምኑ የእኔ አስተያየት ይህ ነው፤ ቤቱ፣ መብራቱና ቅጠሉ ተሟልቶ ሁለት ቀን ሳይሞከር እስስቱ አይገዛ። ማቀፍ ለሚወድ ልጅም አይሆንም፤ የሚታይ እንጂ የሚታቀፍ አይደለም። ከአጥር ላይ ይዞ ማሳደግን ግን አላማክርም። የኛዎቹ የደጋ እስስቶች፣ በባሌ የሐረናን ጫካ ስም የያዘውም ጭምር፣ የለመዱት ብርድና ጉም ነው፤ ሳጥን ውስጥ አይበረክቱም። ሌላም ነገር አለ፤ ተለዋዋጭ ሰውን «እስስት» ብለን ስንሰድብ ግፍ ሳይኖርብን አይቀርም። ቀለሙን በአብዛኛው የሚለውጠው ለማታለል ሳይሆን ሲበርደው፣ ሲሞቀው፣ ሲፈራ ነው። ፊቱ ላይ የሚታይበት እሱ ነው።

አሁን ቃሪያ ከእጄ መዳፍ ይረዝማል፤ አናቱ ላይ ቆብ የመሰለችው አጥንት ወጥታለች፣ ቅጠልም መቀንጠስ ጀምሯል። ልጁ በየእሁዱ በቪዲዮ ያሳየኛል። ባለፈው ወር ዝናብ አባርቶ ከግቢያችን አጥር ላይ አንድ እስስት አገኘሁና በተራዬ ደወልኩለት። ስልኩን ወደ ቅጠሉ አስጠጋሁት።

«እማማ» አለኝ በሹክሹክታ፣ «ራቅ በይ፣ ጠቁሯል።»

ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄድኩ። ዝም ብለን፣ እሱ እዚያ እኔ እዚህ፣ አረንጓዴ እስኪሆን ጠበቅን።