ስለ ቅኝትና ስለ ማረፊያ ድምፅ

የወሎን ዘፈን የለመደ ጆሮ አምባሰልን ከትዝታ ለይቶ ለማወቅ አይቸገርም። የሁለቱን ድምፆች በወረቀት ላይ በተርታ ጽፎ የሚያስተያይ ተማሪ ግን አንዳንድ ጊዜ ልዩነቱን ያጣዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የቅኝት ልዩነት በድምፆቹ ብቻ ሳይሆን ዜማው በሚያርፍበት ድምፅ ጭምር የሚወሰን መሆኑን ማስረዳት ነው።

እንደሚታወቀው በአማርኛ ዘፈን ዘንድ ዋና ተብለው የሚቈጠሩት ቅኝቶች አራት ሲሆኑ፣ እነርሱም ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው። እያንዳንዱ አምስት ድምፆች አሉት። ከአራቱ ሁለቱ የወሎን ቦታዎች ስም ይዘዋል፤ አምባሰል ከደሴ በስተ ሰሜን የሚገኘው አገር ነው፤ ባቲም ከኮምቦልቻ በስተ ምሥራቅ ወደ አፋር ቈላ በሚወርደው መንገድ ላይ ያለች፣ በሰኞ ገበያዋ የታወቀች ከተማ ናት።

አሁን ትዝታ ማይነር የሚባለውን እንመልከት። ድምፆቹ ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፤ ማረፊያውም ላ ነው እንበል። ከአምስቱ አንዱንም ሳንለውጥ ማረፊያውን ወደ ሚ ብናዛውረው ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ እናገኛለን፤ ይህም አምባሰል ነው። በግማሽ ድምፅ ሲቈጠር የፊተኛው ርቀት 2፣ 1፣ 4፣ 1፣ 4 ሲሆን የኋለኛው 1፣ 4፣ 2፣ 1፣ 4 ነው። ትዝታው ከማረፊያው ሙሉ ድምፅ ተራምዶ ይነሣል፤ አምባሰል ግን በግማሽ ድምፅ ብቻ ከፍ ብሎ ወዲያው ሰፊ እርምጃ ያደርጋል። ጆሮ የሚለየውም ይህን ነው።

እንደዚሁም ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ማረፊያው ላ ሲሆን ባቲ ማይነር ይሆናል። አንቺ ሆዬ ግን ርቀቱ 1፣ 4፣ 1፣ 3፣ 3 ስለ ሆነ ማረፊያ በማዛወር ከእነዚህ ከአንዱም አይገኝም፤ ክራሩን እንደገና መቃኘት ያስፈልጋል።

ይህ ነገር በእኛ አገር ብቻ የሚታይ አይደለም። የአሜሪካ ጥቁር ሕዝቦች ብሉዝ የሚባለውን ዘፈን በሃርሞኒካ ሲጫወቱ ተመሳሳይ ብልሃት አላቸው። በዶ የተቃኘችው ባለ 10 ቀዳዳ ሃርሞኒካ ሲነፉባት ዶ፣ ሚና ሶልን ብቻ ትሰጣለች። በዶ የሚያርፍ ዜማ የመጀመሪያው መነሻ ይባላል። የብሉዝ ተጫዋች ግን አብዛኛውን ጊዜ አየር ወደ ውስጥ እየሳበ ሶልን ማረፊያ ያደርጋል፤ ይህን ሁለተኛ መነሻ ይሉታል። በሚሳበው አየር የሚገኙትን አንዳንድ ድምፆች በአፉ አያያዝ ዝቅ ማድረግ ስለሚችል የብሉዝን ቅላጼ ያገኛል። ሬ ማረፊያ ሲሆን ደግሞ ሦስተኛው መነሻ ነው። መሣሪያዋ አንዲት ስትሆን ጠባይዋ ይለያያል።

ከእኛ መሣሪያዎች ዋሽንት በዚህ ረገድ ሃርሞኒካን ይመስላል፤ ቀዳዳዎቹ በቦታቸው የጸኑ ናቸውና። ስለዚህ ዋሽንት ነፊ ቁመታቸው የተለያየ ብዙ ዋሽንቶች ይይዛል። ክራር ግን አውታሩ ስለሚጠብቅና ስለሚላላ ለሁለቱም መንገድ ይመቻል።

ከዚህ በላይ የተሰጡት ቍጥሮች ለማስተያያ የሚረዱ ግምቶች እንጂ የድምፃውያንን ጉሮሮ የሚያስሩ ሕጎች አይደሉም፤ ቅኝትም ከድምፅ ተርታ በላይ የራሱ አካሄድና ማስጌጫ አለው። ሆኖም ዘፈን ቀድቶ የሚመዘግብ ሰው አምስቱን ድምፆች ብቻ ጽፎ ቢተው አምባሰሉ በትዝታ፣ ባቲውም በሌላ ትዝታ ስም መዝገብ ውስጥ ይገባል። ዘፋኙ በሕይወት ሳለ ስሕተቱን ያርማል፤ ከሞተ በኋላ ግን የሚቀረው ወረቀቱ ነው። ስለዚህ መዝጋቢው ከድምፆቹ ጋራ ዜማው በየሐረጉ መጨረሻ የሚያርፍበትን ድምፅና ዘፋኙ ራሱ ለቅኝቱ የሚሰጠውን ስም አብሮ መጻፍ ይገባዋል።