ስፒናው ቢገባም ቁጥሩን አንብቡ



ከቢቸናም ከሞጣም ሰው ወደ ውጭ አገር ይሄዳል። አንዷ ወደ ጅዳ፣ ሌላዋ ወደ ቤሩት፣ አንዱ ወደ አሜሪካ። ሻንጣ ሲታሰር በርበሬውና ሽሮው ይታሰባል። የኤሌክትሪክ ዕቃውስ? ካውያው፣ ምጣዱ፣ የስልክ ቻርጀሩ እዚያ አገር ይሠራል ወይ?

ኮረንቲን እንደ ቦይ ውሃ አስቡት። ከረጅም ገደል የሚወርድ ውሃ ግፊቱ ይበረታል፤ ከአጭር የሚወርደው ይለዝባል። ኮረንቲም ግፊት አለው። መለኪያው ቮልት ይባላል። በእኛ አገር የቤት ሶኬት 220 ቮልት ነው። ቢቸናም ሆነ አዲስ አበባ ያው ነው። ቤሩትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ዱባይ 230 ነው፤ ይህቺ ልዩነት ጉዳት የላትም። የአሜሪካ ግን 120 ነው። በሳውዲ ዓረቢያ ብዙ ቤት 127 ነበር፤ ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ወደ 230 እየተዛወረ ነው። ስለዚህ እዚያ የምትሄዱ የቤቱን ሰው ሳትጠይቁ አትሰኩ።

እንግዲህ ለ120 የተሠራ ካውያ ከአሜሪካ መጣላችሁ እንበል። ሞጣ ላይ ብትሰኩት ምን ይሆናል? ግፊቱ እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ሙቀቱ ግን ከሦስት እጥፍ ይበልጣል። ግፊቱ ሲጨምር የሚያልፈው ኮረንቲም አብሮ ይጨምራልና ነው። ሽቦው ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ ቤት ሊቃጠል ይችላል። የእኛን ምጣድ አሜሪካ ወስዶ በ120 የሰካ ሰው ደግሞ የለመደውን ሙቀት ሲሶ እንኳ አያገኝም። ሊጡ ይደርቃል እንጂ እንጀራው ዓይን አያወጣም!

የስፒናውም መልክ ይለያያል። የእኛ ሁለት ክብ እግር አለው። የአሜሪካው ሁለት ጠፍጣፋ ነው። የዱባይና የሳውዲው ሦስት ወፋፍራም እግር አለው። ይህን የሚያገናኝ አዳፕተር በገበያ ይሸጣል። ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። አዳፕተር መልኩን ያገናኛል እንጂ ግፊቱን አይቀንስም። ግፊት የሚቀንሰው ትራንስፎርመር ነው። እሱም ለካውያና ለምጣድ የሚበቃው ከባድና ውድ ነው፤ አዲስ ካውያ መግዛት ይሻላል። ሦስተኛውን እግር ደግሞ ሰብራችሁ አትጣሉት። የመሬት መስመር ነው። ዕቃው ሲበላሽ ኮረንቲው ሰውን እንዳይዝ በዚያ በኩል ያልፋል።

ታዲያ የዕቃው ቮልት በምን ይታወቃል? በንባብ ነዋ! ዕቃውን ሳትሰኩ ገልብጡት። ከሥሩ ወይም ከጀርባው ደቃቅ ጽሑፍ አለ። የፈረንጁን ቃል ባታውቁት ግድ የለም፤ ቁጥሩን ታውቁታላችሁ። ከቁጥሩ ቀጥሎ የበሬ ቀንድ የምትመስል ፊደል አለች። ቮልት ማለት ናት። «100–240» የሚል ካገኛችሁ በሁሉም አገር ይሠራል። የስልክ ቻርጀር አብዛኛው እንዲህ ነው። «120» ብቻ ካለ እኛ ቤት አይሰካም። «220–240» ካለ ለአሜሪካ አይሆንም። ጽሑፉ በጣም ደቃቅ ነው፤ ዓይኑ የደከመ ሰው ልጅ ያንብብለት።

አንድ ነገር ቀረ። ስልክ መሙያው ባትሪ፣ ፓወር ባንክ የሚባለው፣ ለአውሮፕላኑ ጭነት በሚሰጠው ሻንጣ ውስጥ አይገባም። በእጅ ቦርሳ ይያዛል። ባትሪው ግሎ እሳት ሊያነሳ ይችላል። ከሰው አጠገብ ከሆነ ቶሎ ይታያል፤ ከታች ጭነት ውስጥ ከሆነ ማን ያየዋል?