የሞተር ዘይት በየስንት ኪሎ ሜትር ይቀየር?

መኪናውን ዘይት ለማስቀየር ወደ ላቫጆ የወሰደ ሰው፣ ሥራው ሲያበቃ አንዲት ትንሽ ካርድ ይሰጠዋል። በካርዷ ላይ ዘይቱ የተቀየረበት ቀንና የኪሎ ሜትር ቁጥር፣ ከሥሩም ቀጣዩ ቅየራ የሚደረግበት ቁጥር ሰፍሯል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ብዙውን ጊዜ 5,000 ነው። ይኸው 5,000 ለአዲሱም ለአሮጌውም ሞተር፣ ለቤንዚኑም ለናፍጣውም፣ ከሰፈር ለማይወጣውም አገር አቋርጦ ለሚጓዘውም ሳይለይ ይጻፋል። አንዳንዱ ባለመኪና ቁጥሩን እንደ ሕግ አክብሮ በጊዜው ይመለሳል፤ ሌላው ደግሞ «ዘይቱ ገና አልጠቆረም» እያለ ወር ከወር ያሳልፈዋል። ለመሆኑ ከሁለቱ ትክክለኛው የትኛው ነው? ሳይንስስ በዚህ ጉዳይ ምን ይላል?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል እንጂ ቀላል አይደለም። ዘይት ከሚገባው በላይ ቶሎ ቶሎ ሲቀየር ገንዘብ ይባክናል። ሲዘገይ ደግሞ ሞተሩ ይበላል፤ ሞተሩ የታክሲ ከሆነም የአንድ ቤተሰብ እንጀራ ይቋረጣል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ መከልከሉ ከተገለጸ ወዲህ፣ በእጃችን ያሉትን ሞተሮች ዕድሜ ማራዘም ከቀድሞው የበለጠ ትርጉም አግኝቷል። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ ዘይት በሞተር ውስጥ ምን እንደሚሠራ፣ ለምን እንደሚደክም፣ የመቀየሪያውም ጊዜ በምን መወሰን እንዳለበት እንመለከታለን።

ከፀጉር የቀጠነች ሽፋን

ብዙዎቻችን ዘይት ብረትን አለስልሶ ሰበቃን የሚቀንስ ፈሳሽ ብቻ አድርገን እናስባለን። ተግባሩ ግን ከዚያ ያለፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጀመሪያ ቢቻም ታወር የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ የባቡር ጎማዎች ዘንግ የሚሽከረከርበትን ተሸካሚ ሲመረምር ከላይ በኩል ቀዳዳ አበጀለት። ዘንጉ መሽከርከር ሲጀምር ዘይቱ በቀዳዳው ሽቅብ ወጣ። ቀዳዳውን በቡሽ ቢደፍነው ቡሹን፣ በእንጨት ቢደፍነው እንጨቱን ገፍቶ አወጣው። በዘይቱ ውስጥ ከፍተኛ ግፊት መኖሩ በዚህ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1886 ኦስቦርን ሬይኖልድስ የዚህን ክስተት የሒሳብ ትንተና አቀረበ። የሚሽከረከረው ዘንግ ዘይቱን እየጎተተ ወደ ጠባቡ ክፍተት ስለሚያስገባው ግፊት ይፈጠራል፤ ግፊቱም ዘንጉን ከተሸካሚው አንሥቶ ያንሳፍፈዋል።

በመኪና ሞተርም ክራንክ ሻፍቱ የሚያርፍባቸው፣ መካኒኮች ብሮንዚና የሚሏቸው ክፍሎች የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። የዘይቷ ሽፋን ውፍረት ከጥቂት ማይክሮ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ የሰው ፀጉር ግን ወደ 70 ማይክሮ ሜትር ይጠጋል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ፣ ሞተሩም በደቂቃ 2,000 ጊዜ የሚዞር መኪና በአንድ ኪሎ ሜትር 2,400 ዙር ይዞራል። ይህ በ5,000 ኪሎ ሜትር 12 ሚሊዮን ዙር ይሆናል። በእነዚህ ሁሉ ዙሮች ብረት ከብረት ጋር እንዳይፋተግ የምትከላከለው ይህች ቀጭን ሽፋን ናት። ዘይት ከዚህም ሌላ ፒስተኑን ያቀዘቅዛል፤ በፋሻውና በሲሊንደሩ ግድግዳ መካከል ያለውን ክፍተት ይዘጋል፤ ቆሻሻን ተሸክሞ ወደ ፊልትሮው ያደርሳል፤ ብረቱንም ከዝገት ይጠብቃል።

ዘይት እንዴት ይደክማል?

የሞተር ዘይት ንጹሕ ሃይድሮካርቦን ብቻ አይደለም። አምራቾች ልዩ ልዩ ኬሚካላዊ ቅመሞች ይጨምሩበታል። አንዱ ቅመም አጣቢ ነው፤ የብረቱን ገጽ ከማጽዳቱም በላይ አሲድን ያመክናል። ሌላው የጥላሸት ቅንጣቶች ተጓጉለው እንዳይዘቅጡ በታትኖ ይይዛቸዋል። ዚንክና ፎስፎረስ ያለበት ቅመም ደግሞ የዘይቷ ሽፋን በሳሳችበት ቦታ በብረቱ ላይ ተለጥፎ መበላትን ይቀንሳል። የሃይድሮካርቦኑ ሞለኪውሎች ግን በቀላሉ አያልቁም። ስለዚህ «ዘይቱ ደከመ» ስንል በአብዛኛው እነዚህ ቅመሞች ሥራቸውን ጨርሰው ተሟጠጡ፣ ዘይቱም ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ቆሻሻ ያዘ ማለታችን ነው። ለዚህ የሚያበቁት ጠላቶች በአራት ሊመደቡ ይችላሉ።

የመጀመሪያው ሙቀት ነው። ትኩስ ዘይት ከአየር ኦክሲጅን ጋር ይዋሐዳል። በተለመደው የኬሚስትሪ ግምት መሠረት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በጨመረ ቁጥር የውሕደቱ ፍጥነት እጥፍ ያህል ይሆናል። እንግዲህ በ120 ዲግሪ የሚሠራ ዘይት በ100 ዲግሪ ከሚሠራው በአራት እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ያረጃል ማለት ነው። ውጤቱም አሲድ፣ የዘይት መወፈርና ዝቃጭ ነው።

ሁለተኛው ከቃጠሎ የሚመጣ አሲድ ነው። በነዳጁ ውስጥ ያለው ድኝ ተቃጥሎ ከውኃ ጋር ሲገናኝ የሰልፈሪክ አሲድ ይፈጥራል። የነዳጁ ድኝ በበዛ ቁጥር አሲድ የሚያመክነው ቅመም ቶሎ ያልቃል።

ሦስተኛው ውኃና ያልተቃጠለ ነዳጅ ነው። ውኃ ከወዴት መጣ የሚል ጥያቄ ቢነሣ መልሱን ከኬሚስትሪ መማሪያ መጽሐፋችን እናገኘዋለን። ቤንዚንን በኦክቴን ብንወክለው፣ 114 ግራም ኦክቴን ሲቃጠል 162 ግራም ውኃ ይሰጣል። በዚህ ስሌት አንድ ሊትር ቤንዚን አንድ ኪሎ ግራም ያህል ውኃ ያስገኛል። አብዛኛው በጭስ ማውጫ ቢወጣም፣ ጥቂቱ በፋሻዎቹ መካከል ሾልኮ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ ውኃውም ነዳጁም ተንነው ይወጣሉ፤ ሳይሞቅ ከጠፋ ግን እዚያው ይጠራቀማሉ። ከዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች የአንዱ መኪና ለአንድ ዓመት ያህል ከቤት እስከ ሥራ ቦታ 4 ኪሎ ሜትር ብቻ ስትመላለስ ቆየች። በካርዱ ላይ የተጻፈው 5,000 ገና አልደረሰም ነበር። የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት ግን ውስጡ ቅቤ በመሰለ ነጣ ያለ ዝቃጭ ተለብጦ ተገኘ። ዘይቱ ሩቅ አልተጓዘም፤ ሆኖም ደክሞ ነበር።

አራተኛው ጥላሸትና አቧራ ነው። ጥላሸት በተለይ የናፍጣ ሞተር ጠባይ ነው። የመንገድ አቧራ ደግሞ በውስጡ ኳርትዝ አለበት፤ ኳርትዝ በሞስ የጥንካሬ መለኪያ 7 ቁጥር የያዘ ማዕድን ሲሆን፣ ለስላሳውን የብሮንዚና ብረት እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። የአየር ፊልትሮው የተቀደደ ወይም በደንብ ያልገጠመ መኪና በኮረኮንች መንገድ ቢሄድ፣ ምርጥ ዘይት እንኳ አያድነውም።

መጥቆሩ ማርጀቱን ያሳያልን?

በእኛ አካባቢ ዘይት የሚመረመረው በቀለሙ ነው። ይህ ግን አሳሳች ምስክር ነው። ጥላሸትን በታትኖ የሚይዘው ቅመም ሥራውን ሲሠራ ዘይቱ ይጠቁራል፤ በናፍጣ ሞተር ውስጥ አዲስ ዘይት በአጭር ጊዜ ቢጠቁር አያስደንቅም። እንዲያውም ሳይጠቁር የቆየ ዘይት ቆሻሻውን በሞተሩ ውስጥ ትቶት ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ ቅመሙ ያለቀበት ዘይት ወርቃማ መልኩን እንደያዘ ሊቆይ ይችላል።

ከቀለም የተሻለ፣ በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ሊሠራ የሚችል መንገድ አለ። ከመለኪያ ዘንጉ አንድ ጠብታ የሞቀ ዘይት በማጣሪያ ወረቀት ላይ አንጠባጥበን ለአንድ ቀን እንተወው። ጥላሸቱ ከመካከል ወደ ውጭ እኩል ተሠራጭቶ ከታየ የበታኙ ቅመም ገና በሥራ ላይ ነው። መካከሉ ጥቁር ሆኖ ዙሪያው በደማቅ መስመር ከተከለለ ቅመሙ ደክሟል። በዳርቻው ሰፋ ያለ ብሩህ ቀለበት ከታየ ነዳጅ ተቀላቅሎ ይሆናል። ይህ ሙከራ የወረቀት ክሮማቶግራፊ ዘመድ ነው። ይሁን እንጂ የአሲዱን መጠን ስለማያሳይ ብቸኛ ዳኛ ልናደርገው አይገባም።

ከኒው ዮርክ ታክሲዎች የምንማረው

በአሜሪካ ለብዙ ዓመታት የተለመደው የመቀየሪያ ርቀት 3,000 ማይል፣ ማለትም 4,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ከእኛው 5,000 ጋር ይቀራረባል። ኮንሱመር ሪፖርትስ የተባለው መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመው ጥናት ይህን ልማድ በተግባር ፈትኖታል። 75 የኒው ዮርክ ታክሲዎች የታደሰ ሞተር ተገጥሞላቸው እያንዳንዳቸው 60,000 ማይል ያህል ከሠሩ በኋላ ሞተሮቹ ተፈትተው ተለኩ። ዘይታቸው በየ3,000 ማይል በተቀየረላቸውና በየ6,000 ማይል በተቀየረላቸው መካከል የሚጠቀስ ልዩነት አልተገኘም።

ታዲያ ሁላችንም ርቀቱን በእጥፍ እንጨምር? እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ታክሲ ቀኑን ሙሉ ስለሚሠራ ሞተሩ አይቀዘቅዝም፤ ሦስተኛው ጠላት በእርሱ ላይ ኃይል የለውም። አልፎ አልፎ ብቻ ለአጭር ጉዞ የምትነሣ የቤት መኪና ግን የተገላቢጦሽ ናት። ብዙ የሠራ ሁሉ ብዙ ይጎዳል የሚለው ግምት በዘይት ላይ ሁልጊዜ አይሠራም።

ኪሎ ሜትርም ቢሆን ሙሉውን እውነት አይናገርም። በመንገድ መጨናነቅ ምክንያት በአማካይ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና 5,000 ኪሎ ሜትር ለመሙላት ሞተሩ 500 ሰዓት ይሠራል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዘው ግን ይህንኑ በ100 ሰዓት ይጨርሳል። በካርዱ ላይ ሁለቱ እኩል ናቸው፤ በዘይቱ ላይ ግን የአምስት እጥፍ ልዩነት አለ።

ሒሳቡ ምን ይመክራል?

የአንድ ቅየራን ወጪ ወ፣ በሁለት ቅየራዎች መካከል ያለውን ርቀት ደግሞ ር እንበለው። ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር የሚደርሰው የዘይት ወጪ ወ ለ ር ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ ር ሲጨምር ይቀንሳል። የሞተሩ መበላት የሚያስከትለው ወጪ ግን ከር ጋር አብሮ ይጨምራል፤ ለቀላልነት ር በአንድ ቋሚ ቁጥር ተባዝቶ ይሁን። ካልኩለስ የተማረ አንባቢ ሁለቱን ደምሮ ዝቅተኛውን ነጥብ ቢፈልግ፣ ድምሩ የሚያንሰው ሁለቱ ወጪዎች እኩል በሚሆኑበት ርቀት ላይ መሆኑን ያገኛል።

ትኩረት የሚስበው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ከተመረጠው ርቀት 20 በመቶ ብናሳልፍ ጠቅላላው ወጪ የሚጨምረው 2 በመቶ እንኳ አይሞላም። ርቀቱን እጥፍ ወይም ግማሽ ብናደርገው ግን በሁለቱም በኩል 25 በመቶ ይጨምራል። ስለዚህ ለጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች መጨነቅ አያስፈልግም። ሆኖም ይህ ቀመር የሚያገለግለው ቅመሞቹ እስካሉ ድረስ ነው። ካለቁ በኋላ ጉዳቱ በእኩል ደረጃ መጨመሩን ትቶ ሽቅብ ይወነጨፋል፤ ዝቃጭ የዘይት መተላለፊያውን ይዘጋል፣ ብሮንዚናው ይቃጠላል። ቀድሞ መቀየር የሚያስከፍለው የታወቀ ገንዘብ ነው፤ አብዝቶ ማዘግየት የሚያስከፍለው ሞተሩን ራሱን ነው። ጥርጣሬ ሲኖር ወደ ማስቀደሙ ማዘንበል ያለብን ለዚህ ነው።

ለእኛ መንገድ የሚስማማው

የመነሻ ቁጥራችን የመኪናው አምራች መመሪያ መጽሐፍ ሊሆን ይገባል። በመመሪያዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት መርሐ ግብሮች ይገኛሉ፤ አንዱ ለመደበኛ፣ ሌላው ለከባድ አጠቃቀም። አቧራ፣ አጭር ጉዞ፣ የመንገድ መጨናነቅ፣ ከባድ ጭነትና ረጅም አቀበት የከባድ አጠቃቀም ምልክቶች ናቸው። አብዛኛው የአገራችን ተሽከርካሪ ከእነዚህ አንዱን ወይም ሁለቱን ያሟላል። ከዚህም በላይ በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ካርቡሬተር ያለው አሮጌ ሞተር ለዚህ ካልተስተካከለ ከአየሩ ይልቅ ነዳጁ ይበዛበታል፤ ትርፉም ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ስለሆነም በመጽሐፉ ለመደበኛ አጠቃቀም 10,000 ኪሎ ሜትር ቢጻፍ፣ ለብዙዎቻችን 5,000 አጉል ልማድ አይደለም። ዘወትር በአስፋልት ረጅም መንገድ ለሚጓዝ ደህና ሞተር ግን የመጽሐፉ 10,000 በቂ ነው። ትንሽ የምትነዳ መኪና ደግሞ ርቀቱ ባይሞላም በመመሪያው የጊዜ ገደብ፣ ይኸውም እንደ መኪናው በ6 ወር ወይም በዓመት፣ ዘይቷ ሊቀየርላት ይገባል።

የዘይቱ ዓይነትም መዘንጋት የለበትም። በቆርቆሮው ላይ 15ደብሊው-40 የሚለው የሚናገረው በብርድና በሙቀት ጊዜ ስለሚኖረው ዝልግልግነት ነው፤ ስለ ዕድሜው ምንም አይልም። ጥራቱን የሚያመለክቱት ለቤንዚን ሞተር በኤስ፣ ለናፍጣ በሲ የሚጀምሩት ፊደላት ናቸው። ከሁሉም በላይ መጠኑን በየሳምንቱ በመለኪያ ዘንግ ማየት ይገባል። ያረጀ ዘይት ሞተርን ቀስ በቀስ ሲጎዳ፣ የጎደለ ዘይት ግን በአንድ ጉዞ ሊያቃጥለው ይችላል።

አሮጌው ዘይት ወዴት ይሂድ?

ዘይት በተቀየረ ቁጥር 4 ሊትር ያህል ጥቁር ፈሳሽ ይቀራል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ከአንድ ቅየራ የሚወጣ ዘይት አንድ ሚሊዮን ጋሎን ንጹሕ ውኃ ሊበክል እንደሚችል ይገልጻል። ይህን ዘይት ወደ ቦይ የሚደፋ ሰው ወደ ወንዝ መድፋቱ ነው። ምስጥን ለመከላከል እንጨት የሚቀቡበትም አሉ፤ ሆኖም ያገለገለ የቤንዚን ሞተር ዘይት ካንሰር አምጪ የሆኑ ውሕዶችን ስለሚያጠራቅም በባዶ እጅ ሊነካ አይገባም። አሮጌ ዘይት ተጣርቶ እንደገና ዘይት ሊሆን የሚችል ሀብት ነው፤ ቢያንስ በተከደነ በርሜል ተጠራቅሞ ለሚሰበስቡት መሰጠት ይኖርበታል። ዘይትን ያለ ምክንያት ቶሎ ቶሎ አለመቀየርም አንዱ የአካባቢ ጥበቃ መንገድ ነው።

እንግዲህ ወደ ካርዷ እንመለስ። በላይዋ የተጻፈው 5,000 ስሕተት አይደለም፤ ግን መኪናችንን ሳያውቅ የተጻፈ ነው። ሞተራችን ስንት ሰዓት እንደሚሠራ፣ ስንት ጊዜ ሳይሞቅ እንደሚጠፋ፣ ምን ያህል አቧራ እንደሚውጥ የምናውቀው እኛ ነን። ይህን መዝግቦ የያዘ ባለመኪና ቀጣዩን ቁጥር ራሱ ሊጽፈው ይችላል።