ፋብሪካው ከተማ፣ መዝገቡ ገጠር

የቻይና ቤተሰብ ሁኮው የሚባል የመዝገብ ደብተር አለው። ከ1958 ጀምሮ (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች ነው) ሰውን ገጠሬና ከተሜ ብሎ የለየው እሱ ነው። ስለ ቻይና ሠራተኛ ሲነሳ ደመወዙና የሥራ ሰዓቱ ብዙ ይወራል፤ እኔ ግን ከዚህ ደብተር መጀመር ይሻላል ባይ ነኝ።

በማኦ ዘመን ለመንግሥት ፋብሪካ ሠራተኛ ቤቱም፣ ሕክምናውም፣ ጡረታውም ከፋብሪካው ነበር። ቻይኖች ይህን «የብረት የሩዝ ሳህን» ይሉታል፤ ወድቆ አይሰበርም ለማለት ነው። ገበሬው ግን ከሳህኑ አይቋደስም ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ መንግሥት ከሳሪ ፋብሪካዎችን ሲዘጋና ሲሸጥ በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ተቀነሱ፤ ሳህኑም ተሰበረ። በ2002 በሰሜን ምሥራቋ ከተማ ሊያኦያንግ ሰልፍ የወጡት ሠራተኞች ውዝፍ ደመወዝና ጡረታ ይጠይቁ ነበር።

ደቡቡ ግን ሠራተኛ ይጣራ ነበር። በ1980 ልዩ የኢኮኖሚ ዞን የሆነችውን ሼንዘንን የሞሏት ከገጠር የመጡ ወጣቶች ናቸው። በፋብሪካው ማደሪያ በተደራራቢ አልጋ ያድራሉ። ልጅ ሲወልዱ ብዙዎቹ ለአያት ይሰዱታል፤ ደብተሩ የገጠር ነውና የከተማው ትምህርት ቤት በቀላሉ አይቀበለውም። በ2010 በከተማዋ ባለው የኤሌክትሮኒክስ አምራቹ የፎክስኮን ግቢ ወጣት ሠራተኞች ተራ በተራ ራሳቸውን ከፎቅ ሲወረውሩ ኩባንያው ደመወዝ ጨመረ፤ በሕንፃዎቹ ዙሪያም መረብ ዘረጋ።

ለእኔ ይበልጥ የሚናገረው ግን በጎረቤት ከተማ በዶንግዋን በ2014 የተደረገው አድማ ነው። ለናይኪና ለአዲዳስ ጫማ በሚሠራው ዩዌ ዩን 40,000 ያህል ሠራተኞች ሥራ ያቆሙት በዋናነት በጡረታ መዋጮ ነበር፤ ኩባንያው መዋጮውን ያሰላ የነበረው ከሙሉ ደመወዛቸው አልነበረም። የሥራ ማቆም መብት በ1982 ከሕገ መንግሥቱ ወጥቷል፤ የሚፈቀደውም የሠራተኛ ማኅበር በኮሚኒስት ፓርቲው የሚመራው ብቻ ነው። ያም ሆኖ ደመወዝ እየጨመረ ሄደ፤ ደመወዝ ሲጨምር ደግሞ ፋብሪካው ርካሽ እጅ ፍለጋ ይሰደዳል። ከዚያው ከዶንግዋን የተነሳው ሁዋጂያን የተባለ ኩባንያ በ2012 ዱከም ላይ ጫማ ማምረት ጀመረ።

ዛሬ ወጣቱ ከማሽን ፊት ይልቅ ምግብ አድራሽ ሆኖ በሞተር መሮጥን ይመርጣል፤ አለቃው ስልኩ ውስጥ ያለ መተግበሪያ ነው። የገጠር ደብተር ይዘው ከእርሻ ውጭ የሚሠሩት 300 ሚሊዮን ግድም ሲሆኑ፣ በ2008 34 ዓመት የነበረው አማካይ ዕድሜያቸው በ2023 43 ደርሷል። መጀመሪያ ወደ ፋብሪካ የመጡት አርጅተዋል። ሻንጋይ በ2019 ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ ወንዶች በግንባታ ቦታ እንዳይሠሩ ከልክላለች። ወደ ደብተራቸው መንደር የሚመለሱትን የሚጠብቃቸው የገጠር ጡረታ ነው፤ ዝቅተኛው በ2024 20 ዩዋን ተጨምሮበት በወር 123 ዩዋን ገባ።